ፊዚክስ ከካልኩለስ ጋር፦ ከአሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ምን እንማራለን?

«ፊዚክስ ከባድ ነው» ሲባል ያልሰማ ሠልጣኝ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። «ካልኩለስ ያለበት ፊዚክስ» ከተባለማ ጭራሽ ፊቱን የሚያዞረው ይበዛል። በዚህ ዕትም ስለ አንድ ትምህርት ልናወሳ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ለጀማሪዎች የሚሰጠው፣ በካልኩለስ ላይ የተመሠረተው የፊዚክስ ትምህርት ነው። የሩቅ አገር ወሬ ለማውራት ፈልገን አይደለም። እነዚህ ኮሌጆች ተማሪ ሳይመርጡ ይቀበላሉ፤ ከዚያም ከትምህርቶች ሁሉ ጠንከር ያለውን ያስተምራሉ። ተማሪ መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ውጤቱ ቢያምር ምስጋናው የምርጫው ሊሆን ይችላል። ሳይመርጥ የሚቀበል ግን ቢሳካለትም ባይሳካለትም መመርመር ያለበት ማስተማሩን ነው። ስለዚህ የመምህርነትን ሥራ ቁልጭ አድርገው ያሳዩናል።

የምንለው ባጭሩ ይህ ነው፦ በዚህ ትምህርት ተማሪን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ስሌቱ ሳይሆን የ«ለውጥ»ን ትርጉም አለመጨበጡ ነው። ያ ትርጉም ደግሞ ኮሌጅ ከመገባቱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ፣ በታችኛው ክፍል መምህር እጅ ይዘራል።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ምንድን ነው?

ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። ዛሬም በሥራ ላይ ካሉት የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት፣ በጆሊየት ከተማ ተቋቋመ። ሥራውን የጀመረው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በስድስት ተማሪዎች ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በየአካባቢው እንዲስፋፉ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ በአገሪቱ ቁጥራቸው አንድ ሺህ ገደማ ይደርሳል።

ዋና ጠባያቸው በራቸው ክፍት መሆኑ ነው። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ሰው በነጥብ ሳይወዳደር ተመዝግቦ ይገባል። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር፣ ልጅ አሳድጋ በአርባ ዓመቷ የተመለሰች፣ ከውትድርና የወጣ፣ ከሌላ አገር መጥቶ ቋንቋውን ገና በመልመድ ላይ ያለ፣ ሁሉም ባንድ ክፍል ይቀመጣሉ። በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ ባሉት ኮሌጆች፣ ለምሳሌ በሜሪላንድ ግዛት በሞንትጎመሪ ኮሌጅና በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ከተማሪዎቹ መካከል የአገራችን ልጆችም አሉበት።

መሐንዲስ መሆን የሚፈልግ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እዚያ ተምሮ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል። የሚከፍለውም ከዩኒቨርሲቲው ያነሰ ነው። ነገር ግን ለመዛወር የሚያልፍበት ጠባብ በር አለ፤ እሱም በካልኩለስ ላይ የተመሠረተው ፊዚክስ ነው። ያን ካላለፈ ምሕንድስናው ይቀራል፤ ጊዜውም ገንዘቡም ባከነ ማለት ነው። እንግዲህ የውጪው በር ቢከፈትም የውስጡ በር አልተከፈተም።

ሦስት ዓይነት ፊዚክስ

በእነዚህ ኮሌጆች ለጀማሪ የሚሰጠው ፊዚክስ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ሒሳብ እምብዛም የሌለበት፣ ሐሳቡን ብቻ የሚያስጨብጥ ነው፤ ሌላ ሙያ የሚያጠኑ ይወስዱታል። ሁለተኛው በአልጀብራና በትሪጎኖሜትሪ የሚሠራ ሲሆን፣ በብዛት የሚወስዱት ወደ ሕክምናና ወደ ሥነ ሕይወት የሚያመሩ ተማሪዎች ናቸው። ሦስተኛው የእኛ ርእስ ነው፤ ለመሐንዲሶች፣ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። እንደ ኮሌጁ በሁለት ወይም በሦስት ሴሚስተር ያልቃል። መጀመሪያ ስለ እንቅስቃሴና ስለ ኃይል፣ ቀጥሎ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማግኔት ይማራሉ፤ ሦስት ሴሚስተር ካለው ደግሞ ሞገድ፣ ብርሃንና የሃያኛው ክፍለ ዘመን ፊዚክስ ይከተላል።

ተማሪው ወደዚህ ትምህርት ለመግባት የመጀመሪያውን ካልኩለስ አስቀድሞ መጨረስ ወይም ቢያንስ ጎን ለጎን መውሰድ ይኖርበታል። ሒሳቡ የደከመ ተማሪ ታዲያ አልጀብራውን እንደገና፣ ከዚያ ትሪጎኖሜትሪውን፣ ከዚያ ካልኩለሱን እያለ ፊዚክስ ላይ ሳይደርስ ዓመት ከዚያም በላይ ሊያልፍበት ይችላል። ብዙዎች መንገድ ላይ ይቀራሉ። በዚህ ምክንያት የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2022 ባወጣቸው ሕጎች ኮሌጆቹ ተማሪዎቹን በማጠናከሪያ ትምህርት ለረጅም ጊዜ እንዳያቆዩ አዘዘ። ይህን የደገፉ መምህራን እንዳሉ ሁሉ፣ «መሠረቱ ሳይጣል ግድግዳ ይቆማል ወይ?» ብለው የተቃወሙም አሉ። ክርክሩ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ተማሪን ወደሚቀጥለው ክፍል ማሳለፍ ወይስ ማስደገም በሚለው ጉዳይ እኛም በየትምህርት ቤቱ የምንነጋገርበት ነው።

በሳምንት ሦስት ወይም አራት ሰዓት ገለጻ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ደግሞ ቤተ ሙከራ አለ። ለአንድ ሰዓት ገለጻ ሁለት ሰዓት የግል ጥናት የሚለው የተለመደ ምክር ከተጨመረበት፣ ይህ አንድ ትምህርት ብቻ በሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የቀን ሠራተኛ ለሆነ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። መልካሙ ነገር በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ አዳራሽ መቶና ሁለት መቶ ተማሪ ሲቀመጥ፣ እዚህ ግን ክፍሉ አነስተኛ ነው። ገለጻውን የሚሰጠው መምህር ብዙውን ጊዜ ቤተ ሙከራውንም ራሱ ያስተምራል፤ ተማሪውንም በስሙ ያውቀዋል።

ካልኩለሱ ለምን አስፈለገ?

«ፊዚክሱን በአልጀብራ መማር ከተቻለ ካልኩለሱ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በምሳሌ እንመልስ።

አንድ ድንጋይ ከከፍታ ቦታ ለቀቅን እንበል፤ የአየሩን ተቃውሞ እንተወው። ከአንድ ሰኮንድ በኋላ 4.9 ሜትር፣ ከሁለት ሰኮንድ በኋላ 19.6 ሜትር፣ ከሦስት ሰኮንድ በኋላ 44.1 ሜትር ወርዶ እናገኘዋለን። አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ ልክ ሁለተኛው ሰኮንድ ላይ የድንጋዩ ፍጥነት ስንት ነው?

ፍጥነት ርቀት ሲካፈል ለጊዜ ነው ብለን ተምረናል። ልክ ሁለተኛው ሰኮንድ «ላይ» ግን የተሄደ ርቀት የለም፤ ያለፈ ጊዜም የለም። ዜሮን ለዜሮ ማካፈል ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ ዘዴ ያስፈልጋል። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ሰኮንድ ያለውን እንውሰድ፦ 44.1 ሲቀነስ 19.6፣ 24.5 ሜትር በሰኮንድ ይሆናል። ይህ ግን አማካይ ነው፤ ድንጋዩ እየፈጠነ ስለሚሄድም ከምንፈልገው ይበልጣል። ጊዜውን እናሳጥረው። ከ2 እስከ 2.1 ሰኮንድ ብናሰላ 20.09 ይመጣል። ከ2 እስከ 2.01 ብናደርገው 19.649፤ ከ2 እስከ 2.001 ሲሆን 19.6049። ቁጥሩ ወዴት እየተጠጋ እንደሆነ ሠልጣኙ ራሱ ያየዋል፤ ወደ 19.6 ነው። ይህ የሚጠጋበት ቁጥር ነው እንግዲህ ዴሪቬቲቭ የሚባለው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ጊዜውን እያሳጠሩ መሄድ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ፍጥነቱን አውቀን የሄደውን ርቀት ብንፈልግስ? ጊዜን በአግድም፣ ፍጥነትን በቁም አድርገን ግራፍ እንሣል። ፍጥነቱ ከዜሮ ተነሥቶ በሁለት ሰኮንድ ውስጥ ወደ 19.6 ስለሚወጣ፣ ከመስመሩ ሥር ያለው ቅርጽ ሦስት ማዕዘን ነው። መሠረቱ 2፣ ቁመቱ 19.6፤ ስፋቱ የሁለቱ ብዜት እኩሌታ፣ ማለትም 19.6 ነው። ሜትር በሰኮንድ በሰኮንድ ሲባዛ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ድንጋዩ 19.6 ሜትር ወርዷል ማለት ነው፤ ከላይ ካገኘነው ርቀት ጋር አንድ ሆነ። ከመስመር ሥር ያለውን ስፋት መሰብሰብ ኢንቴግራል ይባላል። የካልኩለስ ሁለት እግሮች እነዚህ ናቸው፤ አንዱ የመስመሩን ዳገትነት ያነባል፣ ሌላው ከመስመሩ ሥር ያለውን ስፋት ይሰበስባል። ኒውተንና ላይብኒትስ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ለየብቻ የደረሱበት ትልቁ ነገር ሁለቱ እርስ በርስ ተቃራኒ ሥራዎች መሆናቸውን ነው።

ድንጋዩን በአልጀብራ ቀመርም ልንሠራው እንችላለን፤ ምክንያቱም ፍጥነቱ በየሰኮንዱ በእኩል መጠን ይጨምራል። ነገር ግን ዓለም ሁሉ እንደዚህ ድንጋይ አይደለም። ሞላ እንውሰድ። ሞላን ስንስበው መጀመሪያ ላላ ይላል፤ እየሳብን በሄድን ቁጥር ግን እየጠነከረ ይሄዳል። በ10 ሳንቲ ሜትር መጨረሻ ላይ የምንስብበት ኃይል 20 ኒውተን ቢደርስ፣ የሠራነው ሥራ ስንት ነው? «ሥራ ኃይል ሲባዛ በርቀት ነው» ብሎ በቃሉ የያዘ ተማሪ 20ን በ0.1 አባዝቶ 2 ጁል ይላል። ስሕተት ነው። 20 ኒውተኑ የመጨረሻው ላይ ብቻ የነበረ እንጂ ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። ግራፉ አሁንም ሦስት ማዕዘን ነው፤ ስፋቱም 1 ጁል። ልብ በሉ፤ ይህ ተማሪ የማባዛት ችግር የለበትም፤ ቀመሩንም አልረሳም። የጎደለው «ኃይሉ እየተለወጠ ነው ወይስ አልተለወጠም?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ተማሪው የሚሰናከልበት ቦታ

ይህን ነገር በጥናት የመረመሩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሃሉን እና ሄስቲንስ የተባሉ ተመራማሪዎች የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፊዚክስ ከመማራቸው በፊትና ከተማሩ በኋላ ስለ እንቅስቃሴ ምን እንደሚያስቡ በፈተና መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ሄስቲንስና ባልደረቦቹ ያንን አሻሽለው ሠላሳ ያህል ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች የያዘ ፈተና አወጡ። በፈተናው ውስጥ የሚሰላ ነገር የለም፤ ሐሳብን ብቻ ይጠይቃል።

የዚህን ዓይነት ጥያቄ እኛ በራሳችን ምሳሌ እናቅርብ። አንድ ልጅ ሳንቲም ወደ ላይ ወረወረ። ሳንቲሙ ከእጁ ወጥቶ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ ምን ምን ኃይል ያርፍበታል? ብዙ ሰው «ወደ ላይ የሚገፋው የልጁ ኃይል፣ ወደ ታች የሚስበው የመሬት ስበት» ይላል። የአየሩን ተቃውሞ ከተውን ግን ያለው የመሬት ስበት ብቻ ነው። የልጁ እጅ ከሳንቲሙ ጋር የተለያየው ሲለቀው ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚገፋው የለም። ታዲያ ለምን ይወጣል? ፍጥነት ይዞ ስለወጣ ነዋ! ስበቱ ያን ፍጥነት ጥቂት በጥቂት ይቀንሰዋል። «የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚገፋ አለው» የሚለው እምነት ከልጅነት ጀምሮ ጋሪ ከመግፋትና ውኃ ከመሸከም የተገኘ ስለሆነ፣ በአንድ ገለጻ ከሰው ጭንቅላት አይወጣም።

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ኤሪክ ማዙር ስለዚህ ጥናት አንብበው ፈተናውን ለራሳቸው ተማሪዎች ሰጡ። አንዲት ተማሪም «የምመልሰው እርስዎ ባስተማሩን ነው ወይስ እኔ በማስበው?» ብላ እንደጠየቀቻቸው ይነገራል። ጥያቄው ብዙ ይናገራል፤ ተማሪዋ ሁለት ፊዚክስ ነበራት፣ አንዱ ለፈተና፣ አንዱ ለራሷ። ተመርጠው በገቡት ዘንድ እንዲህ ከሆነ፣ ችግሩን «የተማሪው ድክመት» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሪቻርድ ሄክ የ62 ክፍሎችን፣ ከስድስት ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎችን ውጤት ሰብስቦ አሳተመ። የለካውም ተማሪው መጀመሪያ ካላወቀው ውስጥ ምን ያህሉን እንዳወቀ ነው። መምህሩ ብቻ በሚናገርባቸው 14 ክፍሎች አማካዩ 0.23 ሆነ። ተማሪው በሚጠየቅባቸው፣ በሚከራከርባቸውና በሚሠራባቸው 48 ክፍሎች ግን 0.48 ሆነ። በቁጥር ለማየት፣ አንድ ክፍል መጀመሪያ ከመቶ 40 ቢያገኝ ያላወቀው 60 ነው። በመጀመሪያው ዘዴ በመጨረሻ 54 ገደማ ይደርሳል፤ በሁለተኛው 69 ገደማ። በሁለቱ ዓይነት ክፍሎች መካከል ይህን ያህል ልዩነት መታየቱ ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ዜና ነው።

ከጆሊየት የመጣ ዘዴ

ይህን ሥራ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ የሠሩት እንዳይመስለን። ከላይ በጠቀስነው በጆሊየት ኮሌጅ ያስተማሩት ከርቲስ ሂግልኪ እና በቴክሳስ በሊ ኮሌጅ ያስተማሩት ቶማስ ኦኩማ ለሁለት ዓመት ኮሌጆች የፊዚክስ መምህራን ሥልጠናዎችን አዘጋጅተዋል። ከዴቪድ ማሎኒ ጋር ሆነውም እ.ኤ.አ. በ2000 ተማሪዎች ነገሮችን በቅደም ተከተል የሚደረድሩባቸውን መልመጃዎች በመጽሐፍ አወጡ። ዘዴው ቀላል ነው። ለተማሪው ሦስት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ሁኔታዎች ይቀርቡለታል፤ «ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድር፤ ምክንያትህንም ጻፍ» ይባላል።

አንድ እኛ እናዘጋጅ። ክብደታቸው እኩል የሆኑ ሦስት ጋሪዎች አሉ። «ሀ» በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ፍጥነቱ ከ5 ወደ 6 ሜትር በሰኮንድ ጨመረ። «ለ» ሳይለወጥ በ20 ሜትር በሰኮንድ ይሄዳል። «ሐ» በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ከ10 ወደ 4 ቀነሰ። በላያቸው ላይ የሚያርፈው የተጣራ ኃይል ከትልቁ ወደ ትንሹ እንዴት ይደረደራል? ብዙው ተማሪ «ለ»ን ያስቀድማል፤ ፈጣኑ እሱ ነዋ! መልሱ ግን «ሐ»፣ «ሀ»፣ «ለ» ነው። የ«ሐ» ለውጥ 6፣ የ«ሀ» ለውጥ 1፣ የ«ለ» ለውጥ ዜሮ ነው። ኃይል የሚታወቀው በፍጥነቱ ሳይሆን በፍጥነቱ ለውጥ ነው። አያችሁ፤ እዚህ ላይ አንድም የካልኩለስ ምልክት አልተጻፈም፤ የካልኩለሱ ሐሳብ ግን በሙሉ አለ። ይህን የገባው ተማሪ ኋላ ዴሪቬቲቭ ሲመጣለት ምልክቱን ብቻ ይለምዳል።

የእኛ ቋንቋና የፊዚክስ ቋንቋ

እዚህ ላይ በተለይ አማርኛ ለሚናገር ተማሪ የሚሆን አንድ ነገር እንጨምር። በዕለታዊ አማርኛችን «ኃይል» ስንል አንዳንዴ ግፊትን፣ አንዳንዴ መብራትን፣ አንዳንዴ አቅምን ማለታችን ነው። «ጉልበት» ስንልም እንደዚሁ። ፊዚክስ ግን ፎርስ፣ ኢነርጂና ፓወር ብሎ ሦስቱን ለያይቶ ያስቀምጣል፤ መለኪያቸውም ኒውተን፣ ጁልና ዋት ተብሎ ይለያያል። «ክብደት» የምንለውም ሁለት ነገር ነው። ገበያ ላይ በኪሎ የምንለካው የቁሱን መጠን ሲሆን፣ በፊዚክስ ግን ክብደት መሬት ያን ቁስ የምትስብበት ኃይል ነውና መለኪያው ኒውተን ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ጨረቃ ላይ ቢወሰድ ያው አንድ ኪሎ ነው፤ ክብደቱ ግን ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል። ከላይ ስለ ጋሪዎቹ «ክብደታቸው እኩል» ያልነውም በገበያው አነጋገር ነበር።

ይህ የአማርኛ ጉድለት አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪውም «ሥራ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢሮ መዋል ይመስለዋል፤ በፊዚክስ ግን ሸክም ተሸክሞ ቆሞ የዋለ ሰው በሸክሙ ላይ ሥራ አልሠራም። ልዩነቱ የኛ ልጅ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሰጠው ሁለት ትርጉም በአንድ ጊዜ ማድረግ ስላለበት ነው። መምህር የሆነ ሰው ቃሉን ከማስተማሩ በፊት «እናንተ ይህን ቃል ስትሰሙ ምን ይታያችኋል?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ቤተ ሙከራ በጣውላና በብይ

በኮሌጆቹ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሰበቃው እጅግ ያነሰ ጋሪና እንቅስቃሴውን በሰኮንድ ክፍልፋይ እየለካ ግራፉን ወዲያው የሚሥል መሣሪያ አለ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ጋሊሌዮ ሰዓት ሳይኖረው፣ የሚፈስ ውኃ እየመዘነ ጊዜን ለክቶ፣ ኳስ በዘንበል ያለ ጣውላ ላይ እያንከባለለ ሕጉን አግኝቷል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1638 ታትሟል። እኛም ይህን መሥራት እንችላለን።

ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ መሐሉ ላይ ቦይ የተቦረቦረበት ጣውላ ይዘጋጅ። አንዱ ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል። ብዩ ከሚለቀቅበት ቦታ ጀምሮ በ10፣ በ40፣ በ90 እና በ160 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀጭን ክር በጣውላው አግድም ይታሰር፤ ብዩ ክሩን ሲነካ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ብዩን ሳንገፋ እንልቀቀው። ክሮቹ እየተራራቁ ቢሄዱም ድምፁ በእኩል ጊዜ፣ እንደ ጭብጨባ ይሰማል። በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት 10፣ 30፣ 50፣ 70 ነው፤ ማለትም እንደ 1፣ 3፣ 5፣ 7። በእያንዳንዱ ምት የሚጨመረው እኩል 20 ነው። ተማሪው «እኩል ለውጥ» የሚባለውን በጆሮው ሰማው ማለት ነው። ከዚያ ክሮቹን በእኩል ርቀት አስሮ እንደገና ቢያዳምጥ፣ ምቱ እየተጣደፈ ሲሄድ ይሰማል። ይህን የሰማ ልጅ ቀመሩን ቢረሳ እንኳ ነገሩን አይረሳም።

ትምህርቱን ለሚወስድ ሰው

ይህን ትምህርት እዚያም ሆነ እዚህ ለሚወስድ ሰው የሚጠቅሙ ጥቂት ምክሮች አሉ። አንደኛ፣ ቀመር ከመፈለግ በፊት ሥዕል መሣል፤ የሚነካውን ኃይል ሁሉ በቀስት ማሳየት። ሁለተኛ፣ «እዚህ የሚለወጠው ምንድን ነው? የማይለወጠውስ?» ብሎ መጠየቅ። ሦስተኛ፣ ከቁጥሩ ጋር መለኪያውን አለመጣል፤ ርቀት ፈልጎ መልሱ በኪሎ ከመጣ አንድ ቦታ ተበላሽቷል። አራተኛ፣ መልሱን በሕይወት መመዘን፤ አንድ ሯጭ በሰኮንድ 300 ሜትር ሮጠ የሚል መልስ ይዞ መቀመጥ የለበትም። አምስተኛ፣ ለብቻ አለማጥናት፤ ለጓደኛው ማስረዳት ያልቻለ ሰው ገና አልገባውም። ስድስተኛ፣ መምህሩን መጠየቅ። በአሜሪካ ኮሌጆች መምህራን ተማሪ የሚቀበሉበት ሰዓት ለይተው ያሳውቃሉ፤ አብልጠው የሚያስፈልጓቸው ተማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ አፍረው ይቀራሉ። የኛም ልጆች መምህርን መጠየቅ ድፍረት እየመሰላቸው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው የገባቸው አስመስሎ ያሳልፋቸዋል፤ ፈተናው ላይ ግን ያጋልጣቸዋል። ስለዚህ ጥያቄን የሚያበረታታ መምህር የተማሪውን ግማሽ ሸክም ያወርድለታል።

እኛስ?

«እኛ የምናስተምረው ታችኛውን ክፍል ነው፤ ካልኩለስ ከኛ ምን አለው?» የሚል ሠልጣኝ ይኖር ይሆናል። ብዙ አለው። ልጁ ጥምርታን፣ ማካፈልን፣ ግራፍ ማንበብን፣ «በሰዓት»፣ «በሰኮንድ»፣ «በኪሎ» የሚሉትን ቃላት የሚማረው ከኛ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ «ፍጥነት ርቀት ሲካፈል ለጊዜ» ብሎ እየዘመረ የወጣ ልጅና፣ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በየአምስት ደቂቃው የት እንደደረሰ መዝግቦ ግራፉን የሣለ ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ እኩል አይቆሙም። የሁለተኛው ልጅ መስመር የት ላይ እንደሚቆም፣ የት ላይ እንደሚያዘቀዝቅ፣ የት ላይ ጋደም እንደሚል ያውቃል፤ ጋደም ያለበት ቦታ ጓደኛውን ቆሞ የጠበቀበት ነው። እሱ ካልኩለስን ጀምሯል፤ ስሙን ገና አልሰማም እንጂ።

የኮሚኒቲ ኮሌጆቹ ታሪክ የሚያስገነዝበን ይህንን ነው። በር መክፈት ትልቅ ነገር ነው፤ በዚያ በር ብዙ ሰው ገብቶ መሐንዲስ ሆኖ ወጥቷል። ሆኖም የገባው ሁሉ እንዲወጣ የሚያደርገው በሩ ሳይሆን ውስጥ ያለው መምህርና ከዚያ በፊት ያስተማረው መምህር ነው። ቤት የሚቆመው በመሠረቱ ነውና፣ መሠረቱን የምንጥለው እኛ መሆናችንን አንርሳ።

ለአንባቢያን የቀረበ ጥያቄ

አንዲት ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የመንገዱን እኩሌታ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፣ የቀረውን እኩሌታ ደግሞ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ተራመደች። አማካይ ፍጥነቷ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ነው? ካልሆነ ስንት ነው? ለምንስ 5 አልሆነም? ምክንያቱን ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ በሚገባ አማርኛ፣ ያለ ቀመር፣ ከአሥር መስመር ባልበለጠ ጽፋችሁ ለግድግዳ ጋዜጣችን አዘጋጆች አቅርቡ። መምህራንም እንድትሳተፉ እንጋብዛለን። የተሻለው ማብራሪያ በሚቀጥለው ዕትም ይለጠፋል።